ጥጃው ዝም ያለበት ገጽ

ጋሮማን መጀመሪያ ያየሁት በመስኮት ነው። እጁ ላይ ቢጫ ቀለም፣ ፊቱ ላይ ቁጣ። እኔ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሃያ ሁለት ሕፃናት ዙሪያዬን ኮልኩዬ መጽሐፍ አነባለሁ። ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ። እሱ ግን አይስቅም። ልጁን ሊወስድ የመጣ ወላጅ ነው ብዬ፣ ቆይ በሚል እጄን አሳየሁትና ማንበቤን ቀጠልኩ።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ወርቅቱ እባላለሁ፤ የአምቦ ልጅ ነኝ። ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ ጊዜ አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ የለኝም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እዚያው አምቦ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሞግዚት ነበርኩ፤ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ሽንት ቤት አደርሳለሁ፣ ምሳ ዕቃ እከፍታለሁ። ሰው ግትር ናት ይለኛል። ልክ ነው።

በ2011 መጋቢት ላይ አስተማሪዋ ማኅሌት ወልዳ ቤት ዋለች። ርእሰ መምህሯ ጠራችኝና ከምሳ በኋላ እስኪተኙ ድረስ አንድ ነገር አንብቢላቸው አለችኝ። አማርኛ ቀስ እያልኩ አነባለሁ። ልጆቹ የሚወዱት መጽሐፍ ግን በኦሮምኛ፣ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል የተጻፈ ነው። ኦሮምኛ ከጎረቤትና ከገበያ ጋር አብሮኝ ያደገ ቋንቋዬ ነው፤ አፌን አይዘውም። ቁቤ ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ከሱቅ ታፔላ ላይ የለቃቀምኳት ነች። የማላውቃት ፊደል ስትመጣ ቃሉን በግምት እጨርሰዋለሁ። ማን ያውቅብኛል?

መጽሐፉ ከሱቅ የተገዛ አይደለም። አንድ ሰው በእጁ ስሎት፣ ፎቶ ኮፒ አድርጎ፣ በስቴፕለር መትቶ የሰጠን ነው። ስለ አንድ ጥጃ ነው። ጥጃው ውኃ ሊጠጣ ሲል ጭንቅላቱ እንስራ ውስጥ ይገባል። አልወጣ ይላል። እንዲሁ እንደለበሰው በአምቦ መንገድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ሰዉ እንስራውን ባርኔጣ፣ ጥጃውን ትልቅ ሰው አድርጎ ያየዋል። ከመቀመጫው እየተነሣ «አካም ቡልተን፣ ኦቦ»፣ እንዴት አደሩ ጌታዬ ይለዋል። ቢሮ ሲገባ ወንበር ይስቡለታል፤ ደብዳቤ ላይ በሰኮናው ያስፈርሙታል። እዚህ ጋ ስደርስ ልጆቹ ሆዳቸውን ይይዛሉ።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ እንስራው ይሰበራል። ጥጃው ብርሃን ያያል። ወዲያው «እናቴስ?» ብሎ አንድ ሽማግሌ አህያን ይጠይቃል። አህያው በሁለት ቃል ይመልስለታል። ሥዕሉ ላይ ጥጃው ብቻውን ቆሟል፤ ሌላው ወረቀት ባዶ ነው። አሥረኛው ገጽ ላይ ደግሞ ጥጃው ባጃጅ ተሳፍሮ ቀንዱ የሌላውን ሰው ጃንጥላ ይበሳል።

እኔ እነዚያን የአህያውን ሁለት ቃላት «ሂን ዱፍቲ» ብዬ ነበር የማነባቸው። ትመጣለች ማለት ነው። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፤ ወደ ባጃጁ እናልፋለን።

የዚያን ቀንም እንደዚያው አነበብኩ። ባለ ቢጫ ቀለሙ ሰው ሳያንኳኳ ገባ።

«እባክዎ ያንን ይድገሙት» አለኝ።

«የቱን?»

«አህያው ያለውን።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። «ሂን ዱፍቲ።»

«እንደዚያ አይልም።»

ልጆች ፊት አይልም ስባል ደሜ ይፈላል። መጽሐፉ ያለው እኔ እጅ ነው፣ ለመሆኑ እርስዎ ማን ነዎት አልኩት።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

አጎንብሶ ቢጫ ጣቱን የመጨረሻዋ ፊደል ሥር አደረገ። በላይዋ ነጥብ ያላት ዘንግ ብትሆን ልክ ነበርኩ። ያለችው ግን አፏን ወደ ላይ የከፈተች ኩባያ የመሰለችው ናት። «ሂን ዱፍቱ» ነው የሚለው። አትመጣም።

ኦሮምኛ የምታውቁ ገብቷችኋል። ለማታውቁት፣ ልዩነቱ ያቺ የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት። በአንዷ ትመጣለች፣ በሌላዋ አትመጣም። እኔ ያንን አህያ ሁለት ወር ሙሉ ምሥራች አብሳሪ አድርጌው ኖሬአለሁ።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

«እንግዲያው የተሳሳተው መጽሐፉ ነው» አልኩት። «ሕፃን ሲስቅ ቆይቶ መሀል ላይ እንዲህ ይባላል? ምን ዓይነት ልብ ነው ያለዎት?»

አየኝ። ቁጣው ፊቱ ላይ የለም፤ ሌላ ነገር ነው ያለው። ከዚያ «ቢሊሴ፣ ኮቱ» ብሎ ተጣራ። ከግራ ጉልበቴ የማትጠፋው ያቺ የፊት ጥርሷ የወለቀ ቀጭን ልጅ ተነሣች። እጇን ይዞ ወጣ። ገጹ ላይ የጣቱ ቢጫ ቀረ።

ነገሩን የነገረችኝ ርእሰ መምህሯ ናት። የቢሊሴ እናት ኅዳር ላይ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዳ እዚያው አርፋለች። የተቀበረችው ጌዶ፣ ወላጆቿ ዘንድ ነው። ለልጅቱ አልተነገራትም። እኛ አገር መርዶ ለሕፃን ማን ይነግራል? እናትሽ እየታከመች ነው ተባለች። ልጅቱ መሳቅ አቆመች። አባትየው ታፔላ ጸሐፊ ነው፤ ሥዕል ያውቃል። ልጁ እንድትስቅ ብሎ ያንን ጥጃ ሳለ። በአፉ ሊናገረው ያልቻለውን ደግሞ ዘጠነኛው ገጽ ላይ አስቀመጠው። ከጓደኞቿ መሀል ተቀምጣ፣ እየሳቀች እንድትሰማው ብሎ ለእኛ ሰጠን።

እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ለዚያች ልጅ እናትሽ ትመጣለች እላታለሁ። እሷም ቤቷ እየገባች «እትዬ ወርቅቱ ትመጣለች አለች» ትለዋለች።

የሕፃናቱ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ስነሣ ወንበሯ ዳሌዬ ላይ ተሰክታ አብራኝ ተነሣች። ርእሰ መምህሯ ነቅላ አወጣችልኝ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥራ ቦታው ሄድኩ፣ ድልድዩ አጠገብ። መሰላል ላይ ወጥቶ የመድኃኒት ቤት ታፔላ ይጽፋል። ከሥር ቆሜ ተሳስቻለሁ አልኩት። ይህ ቃል ከአፌ የሚወጣው በዓመት አንዴ ነው። እሱ ብሩሹን አላቆመም። ያኔ እኔም መመለስ ሲገባኝ ምላሴ አላርፍ አለ።

«እርስዎ ግን የበለጠ ተሳስተዋል» አልኩ። «መርዶ በወረቀት አይነገርም። በአፍ ነው። ቁርሷን በልታ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ሆኖ።»

ቀስ ብሎ ወረደ። «ስድስት ወር ሞክሬአለሁ» አለ። «አፌን ስከፍት ቀልድ ይወጣል።»

«ስለዚህ ቀልዱ ውስጥ ከተቷት?»

«ሌላ የት ላስቀምጣት?»

ያኔ ነው ሰውየውን በደንብ ያየሁት። ጢሙ ሽበት ጀምሮታል፤ ሽፋሽፍቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ደርቋል። ውስጤ አንድ ነገር ቦታውን ለቀቀ። እንዲያ ነው የጀመረኝ፣ ምን ልዋሻችሁ።

መርዶው የሚመጣው ቅዳሜ ይሁን ተባባልን። እኔም እገኛለሁ አልኩ። ወንድሜ ወልደሰንበት ሲሰማ ተቆጣ፤ የማርያም ልጅ ጴንጤ ቤት ምን ትሠራለች ነው ነገሩ። ለቅሶ ሃይማኖት የለውም አልኩትና ነጠላዬን ለበስኩ።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ጎረቤት ሴቶች ነበሩ። ገና ደጅ ላይ ይዣቸው፣ ልጅቱ ሳትጀምር ማንም ዋይ እንዳይል ብዬ አስጠነቀቅኳቸው። ቢሊሴ ዕንቁላሏን በልታ ጨርሳ ነበር። ጋሮማ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለ። አፉን ከፈተ።

«ጥጃው እኮ...» ብሎ ቆመ።

ልናገርለት አንደበቴ ድረስ መጣ። ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ተክዬ ዝም አልኩ። የእሱ ነው፣ የእሱ ይሁን።

«ቢሊሴ» አለ። «እናትሽ ሞታለች።»

ልጅቱ አባቷን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

«መጽሐፉ ላይ አለ እኮ፣ ዘጠነኛው ገጽ። እትዬ ወርቅቱ ናት ፊደሏን የማታውቃት።»

ልጅቱ ሰባት እንኳ አልሞላትም። ለካ ታፔላ ጸሐፊ አባቷ ስር ቁጭ ብላ ፊደሉን ሁሉ ጨርሳዋለች።

«ታዲያ ቤት ስትገቢ ለምን ትመጣለች ትይኝ ነበር?» አላት።

«አንተ አትመጣም እንድትለኝ።»

ጋሮማ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቢሊሴ መጣችና ጭኔ ላይ ወጣች፤ በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ጎረቤቶቹም ያን ጊዜ ለቀቁት። እንባዋ አንገቴ ውስጥ ሲገባ፣ እኔንስ ለምን አላረምሽኝም አልኳት። ልጆቹ እያጨበጨቡ ነበራ፣ አለችኝ።

ሰኞ መጽሐፉን እንደተጻፈው አነበብኩት። እንስራው ተሰበረ፣ ጥጃው ጠየቀ፣ አህያው መለሰ። ቢሊሴ ጉልበቴ ሥር ሆና ጣቷን ከፊደሏ ሥር አድርጋልኛለች። አንዷ ታዲያ እራቱን ማን ይሰጠዋል ብላ ጠየቀች። ሌላዋ አህያው ይሰጠዋል አለች። ትንሽ ተከራከሩ። አህያው እንዲሰጠው ተስማሙ። ከዚያ ገልጬ ወደ ባጃጁ አለፍኩ፤ ጃንጥላው ተበሳ።

ሳቁ። እንዴት እንደሳቁ ልነግራችሁ አልችልም። ጥጃው እስከዚያ ቀን አሻንጉሊታቸው ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድማቸው ሆነ። ያ ገጽ ሳቁን የሚያበላሽ ይመስለኝ ነበር። ጥጃው ያዘነ ቀን ነው ለካ የምር የሚሳቅለት። ይህን ለጋሮማ ነገርኩት። ዓይኑን ወደ ግቢው ዛፍ አዞረ።

ከዚያ በኋላ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ይቆይ ጀመር። ቁቤ ላስተምርዎት አላለኝም፤ ቢለኝ እምቢ እል ነበር። በየቀኑ ከትርፍ ቆርቆሮ ቆርጦ አንዲት ፊደል በቀለም ይጽፍና ይሰጠኛል። ዛሬ ይቺ ቀይ ናት፣ ዛሬ ይቺ አረንጓዴ። እኔም ይቺ አስቀያሚ ናት፣ ይቺ ሆዷ ተነፍቷል እያልኩ እጣላዋለሁ። ጭቅጭቁ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ይዞን በር ላይ ስንቆም «ወርቅቱ፣ በርዶሻል» አለኝ። እርስዎ ቀርቶ አንቺ የሆንኩት በዚያች ቃል ነው። አልበረደኝም ነበር። በርዶኛል አልኩ፤ ጃኬቱን ሰጠኝ።

ስለ ፍቅር ግን አንድም ቃል አልተናገረም። እኔም ቀድሜ አልናገርም ብዬ ምያለሁ።

ሰኔ አልቆ ትምህርት ተዘጋ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁት። ሁለት ሳምንት። ስልኩ አይሠራም። ሥራ ቦታው ስሄድ ዝግ ነው። ጎረቤቱ ልጅቱን ይዞ ጌዶ ሄዷል አለችኝ፤ እንደኔ ግምት ጠቅልሎ ነው አለች። ወንድሜ እግዜር ይስጥልን፣ ተገላገልን አለ። እኔ ሦስት ቀን እህል አላሰኘኝም። ቆርቆሮዎቹን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋ ሥር ወረወርኳቸው። መልሼ አወጣኋቸው።

ዓርብ ጠዋት የጌዶ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። ሰድቤው ልመለስ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ። መንገዱን ሙሉ ስድብ ስለማመድ ሄድኩ። ጉደር ስደርስ ግማሹ ጠፋኝ። ጌዶ ስወርድ አንድ ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

ጌዶ በሐምሌ ጉም ነው፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ አታዩትም። የሟቿን እናት፣ የአኮ ሲንቄን ቤት ጠይቄ ደረስኩ። በሩ ክፍት ነው። ጋሮማ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ዱካ ላይ ተቀምጧል፤ አሮጊቷ ከፊቱ መደብ ላይ። ሸሚዙ ሣር በሣር ሆኗል። እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ።

አሮጊቷ በኦሮምኛ ይህቺ ደግሞ ማን ናት አለች።

«እትዬ ወርቅቱ ናታ፣ አኮ» አለች ቢሊሴ።

ከጫማዬ ጀምራ ወደ ላይ አየችኝ። «ያቺ ፊደል የማታውቀዋ?»

«አሁን አውቃለሁ» አልኩ።

ጋሮማ ፊቱን ዞር አድርጎ ሳቀ። ያኔ ብግን አልኩና የቀረችኝን አንድ ስድብ አወጣኋት።

«ሰው ሲሄድ ይናገራል» አልኩት።

«መልስ ሳልይዝ ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለኝ።

ነገሩ ይህ ነበር። ልጁን ወደ እናቷ መቃብር ይዟት መጥቶ ነው። እግረ መንገዱን ደግሞ የሟቿን እናት ፈቃድ ሊጠይቅ። ዓመቱ ሳይሞላ፣ እናትየዋ ሳትሰማ፣ በልጇ ቦታ ሌላ ሴት ማሰብ ነውር ነው ብሎ። ጌዶ የደረሱ ዕለት ስልኩ ጭቃ ውስጥ ወድቆ ሞቷል። አሮጊቷም እሺም እምቢም አላለችውም። በነጋ ቁጥር መጀመሪያ አጥሩን ጠግንልኝ፣ መጀመሪያ የበረቱን ክዳን አድስልኝ እያለች ሁለት ሳምንት ይዛዋለች። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

አሮጊቷ አጠገቤ ተቀመጪ አለችኝ። ብዙ ሳትቆይ ጠየቀችኝ።

«ቢሊሴን እናቷን ታስረሺያታለሽ?»

ይህን ጥያቄ ጌዶ ድረስ ይዤው አልመጣሁም ነበር። ቢሊሴ ታየኛለች። የማሳምረው ቃል የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅ። ይህን ሁሉ ጊዜ የሟቿን ስም ማንም እንዳልነገረኝ ያኔ ትዝ አለኝ። የቢሊሴ እናት ብቻ ነበረች።

«ስሟን ይንገሩኝ» አልኩ።

«ጋዲሴ።»

«ጋዲሴ» አልኩ። «እኔ ባለሁበት ቤት ይህ ስም ይጠራል። እኔም እጠራዋለሁ።»

አሮጊቷ እሳቱን ቆሰቆሰች። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የእምቢታ አካሄድ መሰለኝ። ስትመለስ መዳፏ ላይ አንድ ጉርሻ የሚያህል ለጋ ቅቤ ይዛለች። ሻሼን ራሷ ፈታችው። ቅቤውን አናቴ ላይ አደረገችና በዚያው እጇ ጭንቅላቴን ተጫነችው። እስከ ኅዳር ትታገሣላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ የራሳችሁ ጉዳይ ነው አለች። ለጋሮማ ደግሞ በረቱ አንድ ጎን ቀርቶታል አለችው።

ታገሥን። ጥር ላይ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ተፈራረምን። ወልደሰንበት አልመጣም ብሎ ነበር፤ አርፍዶ መጣ፣ ሁለት ጊዜ በላ። እሑድ እሑድ እኔ ወደ ማርያም፣ ጋሮማ ወደ ጸሎት ቤቱ እንሄዳለን። ቢሊሴ ተራ አውጥታልናለች፤ ከማን ጋር እንደምትሄድ የምትወስነው ራሷ ናት። የጋዲሴ ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ነው። አንዳንድ ቀን ቢሊሴ ታዝናለች። ያኔ ማናችንም ቀልድ አንጀምርም። እስኪወጣላት እንቀመጣለን፤ ከዚያ ራሷ ትጀምራለች።

ታሪኬን የምጨርሰው ግን በሠርጉ አይደለም። ከጌዶ በተመለስንበት ቀን ነው።

ጋሮማ በረቱን በጨረሰ ማግስት ሦስታችን ሚኒባስ ያዝን። ሰው ሞልቶ ለእኛ ሁለት ቦታ ብቻ ተረፈ። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየንና ልጅቷ ትታቀፍ፣ የማናችሁ ናት አለ። ጋሮማ እኔን አየኝ። እኔ እሱን አየሁት።

«የማን ናት?» አለ ሾፌሩ እንደገና።

ቢሊሴ የአባቷን ጉልበት ተራምዳ መጣችና ጭኔ ላይ ቁጭ አለች። ከባድ ናት፤ ክረምቱን አድጋለች። ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ ጥላ ወዲያው ተኛች። መኪናው ሲሞቅ አናቴ ላይ ያለው ቅቤ ይቀልጥ ጀመር፤ በግንባሬ ወርዶ ቅንድቤ ላይ ደረሰ። እጄ በልጅቱ ተይዟል። ጋሮማ ከኪሱ የቀለም ጨርቁን አውጥቶ ጠረገልኝ።

ጉደር ስንደርስ እግሬ ደንዝዞ ነበር። ልያዝልሽ አለኝ።

«ተዋት» አልኩት። «ትተኛ።»